ዘፋኙን አትጠብቁ

ፖስት ሮክ የሚባለውን፣ ብዙ ጊዜ ዘፋኝ የሌለበትን ሙዚቃ ልትሰሙ ስትቀመጡ ከሁሉ በፊት የድምፁን መጠን አስተካክሉ። ይህን ያስቀደምኩት የተቀጣሁበት ነገር ስለሆነ ነው። የስኮትላንዷ ግላስጎው ልጆች የሆኑት የሞግዋይ ባንድ አባላት እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጡትን የመጀመሪያ አልበማቸውን «ያንግ ቲም»ን ሌሊት በጆሮ ማዳመጫ ከፍቼ ነበር። ሁለተኛው ሥራ በለሆሳስ ይጀምራል። አልሰማ ሲለኝ ድምፁን ጨመርኩ፤ ጥቂት ቆይቼ ደግሞ ጨመርኩ። ሦስት ደቂቃ ገደማ ሲሆን ጊታሮቹ አንድ ላይ ፈነዱ። ክው ብዬ ማዳመጫውን ከጆሮዬ ስመነጭቀው ገመዱ ስልኬን ጎትቶ ከጠረጴዛው ላይ ጣለው። መስታወቱ እስከ ዛሬ እንደተሰነጠቀ ነው።

ስለዚህ መጠኑን በለሆሳሱ ክፍል አትለኩ። መሐል ገብታችሁ በጣም የሚጮኸውን ቦታ ፈልጉና ደረት የሚነካ፣ ጆሮ ግን የማይጎዳ ልክ ምረጡ። ከዚያ ወደ መጀመሪያው ተመልሳችሁ እስኪያልቅ ድረስ አትንኩት። ለሆሳሱ በደንብ ባይሰማ ግድ የለም፤ ጆሮን አቅንቶ መጠበቅ የዚህ ሙዚቃ ግማሹ ነው።

ፖስት ሮክ የሚለውን ስም በ1994 ያስለመደው እንግሊዛዊው ሐያሲ ሳይመን ሬይኖልድስ ነው። የሮክ መሣሪያ ይዘው ሮክ ያልሆነ ነገር የሚሠሩትን፣ ጊታርን ለድምፅ ቀለም የሚጠቀሙበትን ለመለየት ነበር። ይህን ካወቃችሁ ዜማ ፍለጋ አትቀመጡም። አዝማች ይመጣል ብሎ የሚጠብቅ ሰው አምስተኛው ደቂቃ ላይ ያዛጋል፤ እኔም አዛግቻለሁ።

አሁን አንድ አልበም እንክፈት። ጎድስፒድ ዩ ብላክ ኢምፐረር የተባለው የካናዳዋ ሞንትሪያል ባንድ የመጀመሪያ አልበም ስሙ ሁለት ኖታና የመጨረሻ የለሽነት ምልክት (∞) ነው፤ ሲነበብ «ኤፍ ሻርፕ፣ ኤ ሻርፕ፣ ኢንፊኒቲ» ይባላል። በ1997 ኮንስቴሌሽን የተባለው የከተማው አሳታሚ በሸክላ አወጣው፤ የመጀመሪያው እትም 500 ቅጂ ብቻ ነበር። በዓመቱ ክራንኪ የተባለው የቺካጎ አሳታሚ በሲዲ ሲያወጣው ሥራው ረዝሞና ቅደም ተከተሉ ተለውጦ ሦስት ክፍል፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ሆነ። የትኛውን እንደያዛችሁ አስቀድማችሁ እዩ። እኔ የለመድኩት ሲዲውን ስለሆነ የምናገረው ስለ እርሱ ነው።

ዘፋኝ የለም ስል የሰው ድምፅ የለም ማለቴ አይደለም። ገና ሲጀምር አንድ ወንድ በጎርናና ድምፅ ስለፈራረሰ ከተማ ይናገራል፤ ከሥሩ ወፍራም እምምታ፣ ቆየት ብሎም አንጀት የሚበላ የክር መሣሪያ ይገባል። እንግሊዝኛው ካመለጣችሁ አትመልሱት። መጀመሪያ ስሰማው ግማሹ አልገባኝም ነበር፤ ድምፁን እንደ አንድ መሣሪያ ስወስደው ግን ተግባባን። ሁለተኛው ክፍል የሚከፈተው በመንገድ ላይ ሰባኪ ጩኸት ነው። እርሱ ካለፈ በኋላ አንድ ጊታር ጥቂት ኖታዎችን እየደጋገመ ይነካካል፣ ሌሎቹ አንድ በአንድ ይደርቡበታል፣ በመጨረሻም ከበሮው ሁሉንም እያጣደፈ ይነዳቸዋል።

የመጀመሪያውን ጊዜ ዝም ብላችሁ እለፉት። በሁለተኛው ግን አንድ መሣሪያ ብቻ ተከተሉ፤ እኔ ሁልጊዜ ከበሮውን እይዛለሁ። ሲመታ ሳይሆን ዝም ሲል ልብ በሉ፤ ረጅም ጊዜ ጠፍቶ ሲመለስ ሌሎቹ እንዴት እንደሚቀመጡ ታያላችሁ። ወረቀት ይዤ የገባውን መሣሪያና ደቂቃውን የምጽፍበት ጊዜም አለ። ቤተሰቦቼ ይስቁብኛል፤ ነገር ግን «ምንም አልተለወጠም» ብዬ ባማረርኩበት ቦታ ሦስት መሣሪያ ገብቶ ያገኘሁት በዚያ ወረቀት ነው።

በሥራ መሐል ማጀቢያ ለማድረግ ከሆነ ይቅርባችሁ። ለሆሳሱ ይጠፋችኋል፣ ጩኸቱ ያስደነግጣችኋል፤ ሁለቱም ኪሳራ ነው። ዘፈኖቹን የሚያደባልቀውን ቁልፍም አጥፉ። «ሁሉም ቀስ ብሎ ይጀምርና ይጮኻል» ለሚሉ መልስ የለኝም፤ ከኋላ የመጡት ብዙዎቹ ባንዶች እውነትም እንደዚያው ናቸው።

ሦስተኛው ክፍል ያለቀ ሲመስላችሁ አትነሡ። ረጅም ጸጥታ አለ፤ ከእርሱ በኋላ ሌላ ሙዚቃ ይመጣል። እኔ ይህን ያወቅሁት አልበሙን በገዛሁ በስንት ጊዜዬ፣ ማጫወቻውን ማጥፋት ረስቼ ነው።

ሸክላው ደግሞ ሌላ ጉድ አለው። ከሽፋኑ ጋር ባቡር የጨፈለቀው ሳንቲም በፖስታ ተደርጎ ይገኛል፤ መርፌው የሚሄድበት የመጨረሻው መስመርም ክብ ሆኖ ራሱ ላይ ስለሚገጥም ያው አጭር ድምፅ ሳይቋረጥ ይደጋገማል። በስሙ ውስጥ ያለው የመጨረሻ የለሽነት ምልክት እዚያ ጋ ፍቺውን ያገኛል። መርፌውን ሰው ካላነሣው አያልቅም። አንድ ወዳጄ ቤት ስንሰማው አንዳችን የሌላችንን እጅ እየጠበቅን ብዙ ቆየን። በስተኋላ ያነሣሁት እኔ ነኝ፤ ወዳጄ ግን «ምነው ቸኮልክ?» አለኝ።