ከደሴ አዲስ አበባ በአውሮፕላን፦ ርቀቱንም ሰዓቱንም ራሳችሁ አስሉት

እናቴ አዲስ አበባ የሕክምና ቀጠሮ ነበራት። ትኬቱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። 08:10 ይላል። ከቀኑ 8 ሰዓት ከ10 መስሎኝ እኩለ ቀን ላይ አውሮፕላን ማረፊያው ወዳለበት ወደ ኮምቦልቻ ወረድን። በረራው ጠዋት ሄዷል። እናቴ «አብሽር ልጄ» አለችኝ። ቀጠሮው ግን በሦስት ሳምንት ተገፋ። ስለዚህ ከሰዓቱ ልጀምር።

የትኬት ሰዓት ከእኩለ ሌሊት ይቆጥራል፤ የእኛ ከንጋት። ከ07:00 በፊት ከሆነ 6 ደምሩ። ከ07:00 እስከ 18:59 ከሆነ 6 ቀንሱ። ከ19:00 ጀምሮ 18 ቀንሱ። 08:10 ከጠዋቱ 2:10 ነው፤ 19:30 ከምሽቱ 1:30።

ጅዳ ወይም ዱባይ ለሚሄዱት ደግሞ ቀኑም ያደናግራል። «ረቡዕ 02:30» ማለት ለረቡዕ አጥቢያ ከሌሊቱ 8:30 ነው። ቦሌ መገኘት ያለባችሁ ማክሰኞ ማታ ነው። እባካችሁ ይህን ለምታውቁት ሁሉ ንገሩ። የመድረሻው ሰዓት ደግሞ በደረሳችሁበት አገር ሰዓት ነው የሚጻፈው። የጅዳ ከእኛ እኩል ነው፤ ዱባይ በአንድ ሰዓት ይቀድመናል። ስለዚህ ወደ ዱባይ ስትሄዱ መነሻውን ከመድረሻው ቀንሳችሁ ካገኛችሁት ላይ አንድ ሰዓት አንሱ።

አሁን ርቀቱ። የስልካችሁን ካርታ ክፈቱና አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ጣታችሁን አሳርፋችሁ ቆዩ፤ ሁለት ቁጥር ያወጣል። ለቦሌ 8.98 እና 38.80፣ ለኮምቦልቻ 11.08 እና 39.71 ነው። የመጀመሪያዎቹ ልዩነት 2.10 ዲግሪ ነው፤ አንዱ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ በ111 ሲባዛ 233 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን። የሁለተኛዎቹ 0.91፤ በእኛ አካባቢ በ109 ሲባዛ 99 ኪሎ ሜትር ወደ ምሥራቅ። ሁለቱንም በራሳቸው አባዙ፣ ደምሩ፣ ስኩዌር ሩቱን አውጡ። 253 ኪሎ ሜትር ገደማ ይመጣል። በመኪና ከደሴ በከሚሴ፣ በሸዋ ሮቢት፣ በጣርማ በር ዞሮ 400 ገደማ ነው። ልዩነቱ በአብዛኛው የተራራው ነው።

በዚህ መስመር የለመድነው ባለ ማራገቢያው ዳሽ 8 ከፍታውን ከያዘ በሰዓት 650 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራል። 253ን ለዚያ ብታካፍሉት 23 ደቂቃ ነው። ትኬቱ ወደ አንድ ሰዓት ቢላችሁ አይግረማችሁ። ትኬቱ የሚቆጥረው አውሮፕላኑ ከቆመበት ሲነቃነቅ ጀምሮ ማዶ እስኪቆም ነው። መንደርደሩ፣ መውጣቱ፣ ፍጥነት ቀንሶ መውረዱ፣ ተራ መጠበቁ ሁሉ አለበት። መንገዱ ባጠረ ቁጥር ይህ ጊዜ ከበረራው ይበልጣል።

እኔ ግን የምቆጥረው ከቤት በር እስከ በር ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሐረጎን ስትወርዱ ጉም ካለ መኪናው ይንፏቀቃል። አንድ ሰዓት ያዙለት። ለፍተሻውና ለሻንጣው ሁለት ሰዓት። ለበረራው አንድ። ቦሌ ሻንጣ ለመቀበልና ለከተማው መንገድ ደግሞ አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ። ከቀጠሮው ተነስታችሁ ወደ ኋላ ቁጠሩ።

ለሁለተኛው ቀጠሮ በዚያው በ08:10 በረራ ሄድን። ደሴ ካለው ሰኞ ገበያ የወጣነው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። ረፋድ 4:30 ላይ እናቴ ሐኪሙ በር ላይ ተራዋን ይዛ ተቀምጣ ነበር።