ጌምን በድምፅ ለማዘዝ፦ ከማይክሮፎን እስከ መጀመሪያው ትእዛዝ

በድምፅ ለመተኮስ አትሞክሩ። ኮምፒውተሩ ቃሉን ሰምቶና ለይቶ ቁልፉን እስኪጫን የሚያልፈው ጊዜ ጥቂት ቢሆንም ተኩስ ላይ ብዙ ነው፤ ተናግራችሁ ሳትጨርሱ ጠላት ይጨርሳችኋል። ድምፅ የሚያዋጣው አልፎ አልፎ ለሚነኩ፣ ጣት ለማይደርስባቸው ቁልፎች ነው፦ ካርታ ለመክፈት፣ ሴቭ ለማድረግ፣ የአውሮፕላን ጎማ ለማውጣት። እንደ ኢሊት ዴንጀረስ ያሉ የጠፈር ጌሞችንና የበረራ ሲሙሌተሮችን የሚጫወቱ ሰዎች የወደዱትም ለዚህ ነው፤ የእነዚህ ጌሞች ትእዛዝ ኪቦርዱን ሞልቶ ይተርፋል።

አብዛኛው ጌም በራሱ ድምፅ ስለማይሰማ መሀል የሚገባ ፕሮግራም ያስፈልጋል። ፕሮግራሙ ቃል ሰምቶ ቁልፍ ይጫናል፤ ጌሙ ኪቦርዱ የተነካ ይመስለዋል። ለዊንዶውስ በሰፊው የሚታወቀው ቮይስአታክ ነው። ነፃ የሙከራ ቅጂው 20 ትእዛዝ ብቻ ይቀበላል፣ ለጀማሪ ግን በቂ ነው። የሚሠራው በዊንዶውስ የንግግር መለያ (ስፒች ሪኮግኒሽን) ሲሆን፣ መለያው አማርኛ ስለማይችል ትእዛዞቹን በእንግሊዝኛ ማድረግ ግድ ነው።

1. ማይክሮፎን ያለው የጆሮ ማዳመጫ ሰኩ። በስፒከር ከተጫወታችሁ የጌሙ ድምፅ ተመልሶ ማይክሮፎኑ ውስጥ ይገባል። ከዚያ የዊንዶውስን የድምፅ ማለማመጃ ከፍታችሁ የሚያወጣላችሁን ዓረፍተ ነገሮች አንብቡለት። አሰልቺ ነው፣ ግን አትዝለሉት፤ አነጋገራችሁን የሚለምደው በዚህ ነው።

2. ቮይስአታክ ላይ አዲስ ፕሮፋይል (የትእዛዞች ስብስብ)፣ ቀጥሎም አዲስ ትእዛዝ ክፈቱ። «ዌን አይ ሴይ» በሚለው ሳጥን ቃሉን ጻፉ፣ ከታች የሚጫነውን ቁልፍ ምረጡ። ለአንድ ቁልፍ ሁለት አባባል ከፈለጋችሁ በሴሚኮለን ለዩዋቸው።

ዋናው ጉዳይ የቃል ምርጫ ነው። «ማፕ» ብቻ ካላችሁ ሳል እንኳ ካርታ ሊከፍት ይችላል፤ «ኦፕን ማፕ» ይሻላል። «ጎ» እና «ኖ» ስለሚመሳሰሉ አንድ ፕሮፋይል ውስጥ አታስገቧቸው።

3. ጌሙን ሳትከፍቱ ኖትፓድ ላይ ሞክሩት። የካርታው ቁልፍ ኤም ነው እንበል፤ «ኦፕን ማፕ» ስትሉ የኤም ፊደል ብቅ ካለ ትእዛዙ ሠርቷል። ካላለ የቮይስአታክን መስኮት ተመልከቱ፤ የሰማውን ቃል እዚያ ይጽፈዋል። ኖትፓድ ላይ ሠርቶ ጌሙ ላይ እምቢ ካለ ቮይስአታክን በአድሚኒስትሬተር ፈቃድ ክፈቱት፤ ያም ካልረዳ ቁልፉ ተጭኖ የሚቆይበትን ጊዜ በትንሹ አርዝሙ።

4. ሲጫኑት ብቻ የሚሰማበትን ቁልፍ ከማስተካከያው መድቡ። ያለዚያ ከጓደኛ ጋር ስታወሩ ጎማው ይወጣል።

ኦንላይን የምትጫወቱ ከሆነ የጌሙን ደንብ አንብቡ። በአንድ ቃል ተከታታይ ቁልፎችን ማስጫን እንደ ማክሮ (በራሱ እንደሚጫወት አቋራጭ) ተቆጥሮ አካውንት የሚያዘጋበት ጌም አለ።

እጃቸውን መጠቀም ለሚያስቸግራቸው ተጫዋቾች ደግሞ ታሎን የሚባለውን ፕሮግራም እመርጣለሁ። በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ይሠራል፤ ከቃል ሌላ በከንፈር የሚወጣ «ፖፕ» ዓይነት ድምፅንም ይለያል። እንዲህ ያለ አጭር ድምፅ ከቃል ቀድሞ ስለሚታወቅ፣ መተኮስ ካስፈለገ በዚህ ይሞከር።