ዌስቲ ማሳደግ፦ ዓይናችሁ ከቆዳው ላይ አይነሳ

ዌስቲን በፎቶ ያየ ሁሉ ሶፋ ላይ ተኝቶ የሚውል ነጭ ቡችላ ይመስለዋል። አይደለም። ስኮትላንድ ውስጥ ቀበሮን ጉድጓዷ ድረስ ገብቶ እንዲያስወጣ ተብሎ የተራባ አዳኝ ውሻ ነው። ሙሉ ስሙ ዌስት ሃይላንድ ዋይት ቴሪየር ይባላል። ኮሎኔል ማልኮም የሚባል እዚያው ስኮትላንድ የፖልታሎክ ርስት ባላባት ቀላ ያለ ውሻውን ቀበሮ መስሎት ተኩሶ ስለገደለው ከዚያ በኋላ ነጭ ነጩን ብቻ ማርባት ጀመረ ይባላል።

ቁመቱ 28 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ክብደቱ ከ7 እስከ 10 ኪሎ። ጆሮው ቀጥ ያለ፣ አፍንጫው ጥቁር፣ ጅራቱ አጭርና ወፍራም።

ጠባዩ ደስ ይላል፣ ግን ግትር ነው። ይቆፍራል፣ ይጮሃል። ዱሮ እንጀራው ይኸው ስለነበር በቁጣ አይተወውም፤ ግቢ ካላችሁ አንዱን ጥግ ለቀቅ አድርጉለትና መጫወቻውን እዚያ ቅበሩለት፣ አበባችሁን ይተውላችኋል። ስትጠሩት ከመጣ ወዲያው ቁራጭ ሥጋ ስጡት። መንገድ ላይ ግን ከገመዱ አትፍቱት፣ ድመት ካየ ማንንም አይሰማም።

ዋናው ጉዳይ ቆዳው ነው። ይህ ዝርያ በአለርጂ በጣም ይጠቃል፣ ብዙ ጊዜም ገና በልጅነቱ ይጀምረዋል። መዳፉን እዩ። ነጩ ጸጉር በጣቶቹ መሃል ወደ ዝገት ቀለም ከተለወጠ እየላሰው ነው ማለት ነው፣ የሚልሰው ደግሞ ስለሚያሳክከው ነው። ሆዱ ከቀላ ወይም ጆሮው ከሸተተ ሳይብስበት ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት። እባካችሁ የሰው ሻምፖና የሰው ቅባት አትሞክሩበት። ቁንጫም ካለ ማሳከኩ ይባባሳል፣ የቁንጫ መድኃኒቱን አታቋርጡ።

ጸጉሩ ሁለት ድርብ ነው፤ ላዩ ጠንካራ፣ ውስጡ ለስላሳ። ማበጠሪያው ቆዳው ጋ ካልደረሰ ላዩ ያማረ እየመሰለ ብብቱና ከጆሮው ኋላ ያለው ይቋጠራል። ጭቃ ሲነካው ቶሎ ውሃ አታፍሱበት፣ ይድረቅና በብሩሽ ይራገፋል። ሲታጠብ ሻምፖው ጥርግ ብሎ መውጣት አለበት፣ ከዚያ እስከ ሥሩ አድርቁት።

ገና ልትገዙ ከሆነ የቡችላውን እናት ሳታዩ ገንዘብ አትክፈሉ። ታክክ እንደሆነ፣ የአለርጂ መድኃኒት ትወስድ እንደሆነ በግልጽ ጠይቁ። ሻጩ የቡችላውን እናት ሊያሳያችሁ ካልፈለገ ሌላ ቦታ ፈልጉ።