ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ለሚነዳ ባለ ሁለት ምት ሞተር የካርቡሬተር ጄት አመራረጥ

ባለ ሁለት ምት ሞተር ሳይክል ወይም ባለ አራት ጎማ ሞተር ያለው ሰው ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) በእሽቅድምድም ማርሚታ፣ የአየር ማጣሪያውን ሳጥንም በክፍት ፊልትሮ ከቀየረ በኋላ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡሬተር ሳያስተካክል መንዳት የለበትም። ሞተሩ ከበፊቱ የበለጠ አየር ስለሚስብ በፋብሪካው ጄት፣ ማለትም ቤንዚኑን በልኩ በምታሳልፈው፣ የቀዳዳዋ ልክ በቁጥር በተጻፈባት ትንሽ ብሎን የሚያልፈው ቤንዚን አይበቃውም፤ ዘይት ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ በሚሞላበት ሞተር ደግሞ ቤንዚን ሲያንስ ሙቀቱ በሚጨምርበት በዚያው ሰዓት ቅባቱም ይቀንሳል። ከዚህ በታች ቤንዚን የበዛበትን ድብልቅ ወፍራም፣ ያነሰበትን ስስ እላለሁ።

በእኛ አካባቢ ነገሩን የሚያከብደው ከፍታው ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛሉ፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ ግን 25 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ከኮምቦልቻ ደሴ ሲወጣ አየሩ ከ6 እስከ 7 በመቶ ይሳሳል፤ ካርቡሬተሩ ግን ቤንዚኑን የሚቀንሰው የዚያን ግማሽ ያህል ብቻ ስለሆነ ድብልቁ 3 በመቶ ገደማ ይወፍራል። በዚህ ስሌት ለባሕር ጠለል 160 ቁጥር ዋና ጄት የሚስማማው ሞተር ኮምቦልቻ ላይ 145፣ ደሴ ላይ 140 አካባቢ ይፈልጋል ማለት ነው። ቁጥሩ መነሻ እንጂ ፍርድ አይደለም፤ ፍርዱን የሚሰጠው በሲሊንደሩ ውስጥ እሳት የሚረጨው ካንዴላ መልክ ነው።

ልዩነቱ አንድ ደረጃ ብቻ ነው ብሎ የናቀው ይጎዳል። እኔ መጀመሪያ ሞተሬን ያስተካከልኩት ደሴ ላይ ነበር፤ ድምፁ ጥርት ብሎ፣ ጉልበቱም ሞልቶ ሳየው ደስ ብሎኝ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት ወረድኩና ኮምቦልቻን አልፌ ወደ ሐርቡ በሚወስደው መንገድ ላይ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ የኋላው ጎማ ድንገት ተያዘ። ቴስታታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) እና ሲሊንደሩን ስንፈታ የፒስተኑ ጎን፣ በጭስ መውጫው በኩል፣ ከላይ እስከ ታች ተቧጥጦ አሉሚኒየሙ ሲሊንደሩ ላይ ተለጥፎ አገኘነው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱን ከተሞች ለሚያመላልስ ሞተር ሁልጊዜ ጄት የምመርጠው ኮምቦልቻ ላይ፣ በማለዳ፣ ብርዱ ሳይለቅ ነው፤ ቀዝቃዛ አየር እፍግ ያለ በመሆኑ ድብልቁ ከሁሉ በላይ የሚሳሳው በዚያ ሰዓት ነውና።

ጄት ከመቀየር በፊት ሌላው ነገር መስተካከል አለበት። የዘይቱ መጠን አንድ ጊዜ ተወስኖ መጽናት ይኖርበታል፤ ለምሳሌ 32 እጅ ቤንዚን ለ1 እጅ ዘይት ከሆነ ለ5 ሊትር ቤንዚን 156 ሚሊ ሊትር ዘይት ይገባል። ዘይት መጨመር ሞተሩን የሚያተርፈው የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን የበዛው ዘይት የቤንዚኑን ቦታ ስለሚይዝ ድብልቁን ያሳሳዋል። በካርቡሬተሩና በሲሊንደሩ መካከል ያለው ጎማ ተሰንጥቆ አየር የሚያስገባ ከሆነም ምንም ዓይነት ጄት አያድነውም። ጄትን በሽቦ ወይም በመርፌ እያሰፉ መጠቀም ደግሞ ፈጽሞ መተው ያለበት ልማድ ነው፤ ቀዳዳው በፀጉር ያህል እንኳ ከሰፋ የተጻፈበት ቁጥር ከዚያ በኋላ እውነት አይደለም።

ዋናው ጄት የሚገዛው ነዳጅ መስጫው ከሦስት አራተኛ በላይ ሲከፈት ነው፤ ስለዚህ በእጀታውና በማቀፊያው ላይ ፕላስተር ለጥፎ ሩቡን፣ ግማሹንና ሦስት አራተኛውን በእስክሪብቶ ምልክት ማድረግ ግምትን ያስቀራል። ከሚገመተው ቁጥር ሦስት ወይም አራት ደረጃ በሚበልጥ ጄት ይጀመራል። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ አዲስ ካንዴላ ይገጠምና፣ የጭነት መኪና በማይበዛበት ሜዳማ መንገድ በሦስተኛ ወይም በአራተኛ ማርሽ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ይነዳል፤ ከዚያም ነዳጅ መስጫው ሳይመለስ ሞተሩ በቁልፍ ይጠፋል፣ በዚያው ቅጽበት ፍሪሲዮን ይያዛል፣ ሞተሩም እየተንሸራተተ ዳር ይዞ ይቆማል። ካንዴላው ሲፈታ የሚታየው ጫፉ ሳይሆን ነጩ ሸክላ ከብረቱ ጋር በሚገናኝበት በውስጥ በኩል ያለው ቀለበት ነው። ቀለበቱ ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ጄቱ በአንድ ደረጃ ይቀነሳል፤ ፈዘዝ ያለ ቡና ዓይነት ከሆነ በቃ፤ ሸክላው ነጭ ሆኖ እንደ ብናኝ የሚያብረቀርቅ ነገር ከታየበት ግን ያ ብናኝ ከፒስተኑ የቀለጠ አሉሚኒየም ነውና ሞተሩ ከዚያ በላይ ሳይነዳ ሁለት ደረጃ ከፍ ያለ ጄት ይገባለታል። ትክክለኛው ከተገኘ በኋላ እኔ ከእርሱ በአንድ ደረጃ የሚበልጠውን ጄት ገጥሜ እተዋለሁ፤ የምትጠፋው ጉልበት ከፒስተን ዋጋ ጋር አትወዳደርም።

መካከለኛውን ክፍል፣ ማለትም ከሩብ እስከ ሦስት አራተኛ ያለውን፣ የሚገዛው በካርቡሬተሩ ውስጥ ከነዳጅ መስጫው ጋር ከፍና ዝቅ የሚለው መርፌ ነው። መርፌው ላይ ያለችው ማሰሪያ ወደ ላይኛው ሥርጥ (በመርፌው ዙሪያ ወደተቆረጠው ቀጭን ጎድጓዳ መስመር) ስትሄድ መርፌው ዝቅ ብሎ ድብልቁ ይሳሳል፤ ወደ ታችኛው ስትወርድ ይወፍራል። ነዳጅ መስጫው በግማሽ ሲከፈት ሞተሩ እየተንተባተበ ወፍራም ሰማያዊ ጭስ ካወጣ በአንድ ሥርጥ ወደ ላይ፣ እየደረቀ ካፏጨ ወደ ታች ማድረግ ነው። ለሚኒሞው፣ ማለትም ሞተሩ ነዳጅ ሳይሰጠው ቀስ ብሎ ለሚዞርበት፣ የካርቡሬተሩ የአየር ብሎን እስኪቆም በቀስታ ከተዘጋ በኋላ በካቻቢቴ ከአንድ እስከ ሁለት ዙር ተከፍቶ ሞተሩ ከፍ ብሎ እኩል በሚዞርበት ቦታ ይተዋል፤ ያ ቦታ ከአንድ ዙር በታች ከሆነ ለሚኒሞው ቤንዚን የሚሰጠው ትንሹ ጄት በሚበልጥ፣ ከሁለት ተኩል በላይ ከሆነ በሚያንስ ይቀየራል።

በዚህ መንገድ የተስተካከለ ሞተር ደሴ ሲደርስ ትንሽ ይሰንፋል፣ በተለይ ጠዋት ሲነሳ ይተናነቃል፤ ደሴ ለሚከርም ሰው መርፌውን በአንድ ሥርጥ ማሳሳት ይበቃዋል፤ ከመውረዱ በፊት ግን መመለስ አለበት። ሐረጎን ሲወርዱ ነዳጅ መስጫውን ዘግቶ በማርሽ ብቻ እየያዙ መሄድ በትክክለኛ ጄትም ቢሆን አደገኛ ነው፤ ሞተሩ በከፍተኛ ፍጥነት እየዞረ ቤንዚን፣ ከቤንዚኑም ጋር ዘይት አያገኝምና። በየመቶ ሜትሩ ፍሪሲዮን ይዞ አንድ ሁለት ጊዜ ነዳጅ መስጠት፣ ፍጥነቱንም በፍሬን መያዝ ያስፈልጋል።