በቆዳ ማልፊያ ድራም ላይ እንዴት ይሠራል? ከፒክል እስከ ዌት ብሉ

የቆዳ ማልፊያ ድራም የሚያሠራ ኦፕሬተር ሥራ ከሩቅ ለሚያየው ሰው ቁልፍ ተጭኖ ከመጠበቅ ያለፈ አይመስልም። ድራሙ ከእንጨት ወይም ከማይዝግ ብረት የተሠራ፣ በጎኑ ተኝቶ በእንብርቱ ላይ የሚሽከረከር ግዙፍ በርሜል ሲሆን፣ ቆዳው፣ ውሃውና ኬሚካሉ በአንድነት ይገቡበታል። በውስጠኛው ግድግዳ ላይ የተተከሉት ካስማዎች ቆዳውን ወደ ላይ እያነሱ መልሰው ይጥሉታል፤ ቆዳውም በዚህ መነሳትና መውደቅ ኬሚካሉን ቀስ በቀስ ይጠጣል። ማሽኑ ግን ከማሽከርከር በቀር የሚያደርገው ነገር የለም። ኬሚካሉ እስከ ቆዳው መሃል መዝለቁን አይቶ ቀጣዩ እንዲጨመር ወይም እንዲቆይ የሚወስነው ኦፕሬተሩ ነው። ይህ ጽሑፍ ፀጉሩና ኖራው ወጥቶለት የታጠበ ቆዳ በክሮም ለፍቶ ዌት ብሉ፣ ማለትም እርጥብ ሰማያዊ ቆዳ፣ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ያለውን ሂደት ይከተላል፤ ከድራም ሥራዎች ሁሉ ስሕተትን መልሶ ለማረም የሚያዳግተው ይህ ክፍል ነውና።

ከመጫን በፊት

ሥራው የሚጀምረው ከሂደት ካርዱ ነው። በካርዱ ላይ ኬሚካሎቹ የሚጻፉት በኪሎ ሳይሆን በመቶኛ ነው፤ መቶኛውም የሚሰላው በዚያ ደረጃ ላይ ባለው የቆዳው ክብደት ነው። 1,000 ኪሎ ግራም ቆዳ ቢኖር 80 በመቶ ውሃ ማለት 800 ሊትር፣ 8 በመቶ ጨው ማለት 80 ኪሎ፣ 7 በመቶ ክሮም ማለት ደግሞ 70 ኪሎ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው መነሻ ክብደቱ ነው። በጨው ደርቆ የመጣው ጥሬ ቆዳ ክብደትና ከኖራ ወጥቶ ሥጋው የተፋቀለት ቆዳ ክብደት ፈጽሞ የተለያዩ ስለሆኑ፣ በካርዱ ላይ የተጻፈው ኪሎ የየትኛው ደረጃ እንደሆነ ሳያረጋግጡ መመዘን መጀመር አይገባም።

ቀጥሎ ድራሙ ራሱ ይታያል። የመዝጊያው ጎማ፣ የማፍሰሻው ቫልቭ፣ ፍሬኑ፣ እንዲሁም ኬሚካል የሚገባበት ክፍት እንብርት ያለ ደለል መሆኑ ይረጋገጣል፤ ካለፈው ሎት (በአንድ ጊዜ ተጭኖ ከሚሠራ ቆዳ) የቀረ ቁራጭ ካለም ይወጣል። የእንጨት ድራም ብዙ ቀን ሳይሠራ ከቆየ ሳንቃው ደርቆ ስለሚሰነጠቅ ውሃ ያፈስሳል፤ ስለዚህ አስቀድሞ ውሃ ተሞልቶ እንጨቱ እስኪያብጥና ክፍተቱን እስኪዘጋ መጠበቅ ያስፈልጋል። ጭነቱ ከእንብርቱ ከፍታ ማለፍ የለበትም። ከዚያ በላይ የተጫነ ድራም ቆዳውን የሚያነሳውና የሚጥለው በአግባቡ ስለማይሆን፣ አንዱ ቆዳ ጠግቦ ሌላው ሳይነካ ይቀራል። ፍጥነቱም እንደ ሥራው ይለያያል፤ በኖራ ጊዜ በደቂቃ ከ2 እስከ 4 ዙር የሚበቃ ሲሆን፣ በክሮም ማልፋት ጊዜ ግን ከ8 እስከ 14 ዙር ድረስ ይኬዳል።

ስለ ጋዙና ወደ ድራሙ ውስጥ ስለ መግባት

ይህን ክፍል ከሂደቱ በፊት ማስቀደሜ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በቆዳ ፋብሪካ ውስጥ ሰው በድንገት ከሚሞትባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። ፀጉር ለማውጣት ከኖራ ጋር የሚጨመረው ሶዲየም ሰልፋይድ በኖራው ውሃ ውስጥ እስካለ ድረስ ታስሮ ይቀመጣል። ፒ-ኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ሲያንስ አሲድነቱ ይበረታል) ሲወርድ፣ ይልቁንም አሲድ ሲነካው፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለ ጋዝ ሆኖ ይወጣል። ጋዙ ቀለም የለውም፤ ከአየር ስለሚከብድም በዝቅተኛ ቦታ ይተኛል። በጥቂቱ ሲሆን እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ መጠኑ ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል ወደ 100 ገደማ ሲደርስ ግን አፍንጫ ማሽተቱን ያቆማል። ስለዚህ «ሽታው ጠፋ» ማለት «ጋዙ ጠፋ» ማለት አይደለም፤ አደጋው በርትቶ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ የተነሳ ሦስት ነገሮች በምንም ምክንያት አይታለፉም። በመጀመሪያ፣ የኖራው ውሃና የአሲዱ ወይም የክሮሙ ውሃ በአንድ ቦይ በአንድ ጊዜ አይለቀቁም። ሁለተኛ፣ ማንም ሰው ድራም ውስጥ የሚገባው አየሩ በመለኪያ መሣሪያ ከተመረመረ፣ ማሽኑ ከዋናው ማብሪያ ማጥፊያ ጠፍቶ ቁልፉ በገባው ሰው እጅ ከሆነና ከውጭ የሚጠብቀው ሰው ከቆመ በኋላ ብቻ ነው። ሦስተኛ፣ ውስጥ ወድቆ የታየን ሰው ለማዳን የመተንፈሻ መሣሪያ ሳይለብሱ ተከትሎ መግባት ሁለተኛ ሟች መሆን ነው፤ በእንዲህ ያለ አደጋ ከሚሞቱት ውስጥ ለማዳን የገቡት ጥቂት አይደሉም።

ከጋዙ ሌላ የክብደት ጉዳይም አለ። ኤሌክትሪኩ የጠፋ ድራም የቆመ ድራም ላይሆን ይችላል፤ እርጥብ ቆዳ በአንድ ወገን ተከምሮ ሚዛኑን ካሳተው በራሱ ሊዞር ይችላል። በመሆኑም መዝጊያው ከመከፈቱ በፊት ፍሬኑ ተይዞ የብረት መቆለፊያው ይገባል።

ኖራው መውጣቱን ማረጋገጥ

ወደ ፒክል የሚገባው ቆዳ ኖራው የወጣለት መሆን ይኖርበታል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ከቆዳው ወፍራም ቦታ፣ ማለትም ከአንገቱ ወይም ከዳሌው፣ ትንሽ ተቆርጦ በተቆረጠው ጎን ላይ ፌኖልፍታሊን የተባለ ቀለሙን የሚቀይር መመርመሪያ ፈሳሽ ይንጠባጠባል። ሮዝ ቀለም የታየበት ቦታ ኖራ አለበት፤ ቀለም ያልያዘው ንጹሕ ነው። ለጓንትና ለልብስ የሚሆን ስስ ቆዳ ከዳር እስከ ዳር ቀለም አልባ እንዲሆን ይጠበቃል። ለወፍራም የጫማ ቆዳ ግን አንዳንድ ፎርሙላዎች በመሃል ቀጭን ሮዝ መስመር እንዲቀር ይፈቅዳሉ፤ ይህን የሚወስነው ካርዱ እንጂ የኦፕሬተሩ ትዕግሥት ማለቅ አይደለም።

ፒክል፦ ጨው ይቀድማል፣ አሲድ ይከተላል

ፒክል ቆዳውን ክሮም ለመቀበል የሚያዘጋጅ የጨውና የአሲድ መታጠቢያ ነው። የቅደም ተከተሉ ምክንያት በደንብ ሊገባ ይገባል። የቆዳ ጭረት (ቆዳው የተሠራበት ቀጭን ክር) ጨው በሌለበት አሲድ ሲያገኝ ውሃ ይስባል፣ ያብጣል፣ እንደ ጎማም ይሆናል፤ ጭረቱ አንዴ በዚህ መንገድ ከተጎዳ በኋላ የሚጨመር ጨው የተሟላ መድኃኒት አይሆነውም። ስለዚህ ውሃውና ጨው ገብተው ድራሙ ለ10 ደቂቃ ያህል ከዞረ በኋላ፣ ከውሃው ናሙና ተቀድቶ የጨው ውሃን ጥግግት በሚያሳየው የቦሜ መለኪያ ይለካል። ንባቡ ከ6 እስከ 7 ቦሜ ከሆነ ወደ አሲዱ ይታለፋል። ካነሰ ጨው ይጨመራል፤ ከታጠበው ቆዳ ላይ የቀረ ውሃ ጨዉን ስለሚያቀጥነው ስሌቱ ትክክል ሆኖም ንባቡ ዝቅ ሊል ይችላል። ይህን ልኬት «ጨዉን ራሴ መዝኜ አስገብቻለሁ» ብሎ መዝለል የብዙ ሎት ጥፋት መነሻ ነው።

ሰልፈሪክ አሲዱ አስቀድሞ ከክብደቱ 10 እጥፍ በሚሆን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይቀጥናል። አሲድ ወደ ውሃ ይጨመራል፤ ውሃ ወደ አሲድ ፈጽሞ አይጨመርም፣ ምክንያቱም የሚፈጠረው ሙቀት ድብልቁን አፍልቶ በፊት ላይ ሊረጨው ይችላል። የዓይን መከላከያ፣ ረጅም የጎማ ጓንት፣ ሽርጥና ቦቲ የሚለበሱት ለዚህ ነው። የቀጠነውና የቀዘቀዘው አሲድ ድራሙ እየዞረ በእንብርቱ በኩል በ3 ወይም በ4 ጊዜ ተከፍሎ፣ በየመካከሉ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ እየተጠበቀ ይገባል። ፎርሚክ አሲድ በፎርሙላው ካለ ብዙ ጊዜ ይቀድማል፤ ከሰልፈሪክ ይልቅ ለስለስ ብሎ ስለሚዘልቅ ነው። ከቀደመው ሂደት የቀረ ካርቦኔት ካለ አሲዱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣና ግፊቱ መዝጊያውን ሊወረውረው ስለሚችል፣ የአየር ማውጫው ክፍት መሆን ይገባዋል። የቀረ ሰልፋይድ ካለም ቀደም ሲል የተነገረው ጋዝ የሚወጣው በዚሁ ሰዓት ስለሆነ፣ በድራሙ ዙሪያ ያለው የአየር ማስወጫ ያለማቋረጥ ይሠራል።

የፒክሉ ማብቂያ የሚታወቀው በሰዓት ብቻ አይደለም። የውሃው ፒ-ኤች ከ2.8 እስከ 3.0 ገደማ ደርሶ ከቆመ፣ ከወፍራሙ ቦታ በተቆረጠው ጎን ላይ የሚንጠባጠበው ብሮሞክሬሶል ግሪን የተባለ ሌላ መመርመሪያ ፈሳሽ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቢጫ ማሳየት ይኖርበታል። በመሃል ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ መስመር ከታየ አሲዱ ገና አልዘለቀም ማለት ነውና ድራሙ ተጨማሪ ጊዜ ይዞራል። በዚህ ደረጃ ያለ ቆዳ ሙቀት የመቋቋም አቅሙ ደካማ ስለሆነ፣ መታጠቢያው ከክፍሉ ሙቀት ብዙም ሳይበልጥ ይጠበቃል።

ክሮሙን ማስገባትና ፒ-ኤች ማንሳት

በክሮም ማልፋት ለኢንዱስትሪ የደረሰው አውግስተስ ሹልትዝ እ.ኤ.አ. በ1884 የባለ ሁለት መታጠቢያ ዘዴውን በፓተንት ካስመዘገበ በኋላ ነው፤ በ1893 ደግሞ ማርቲን ዴኒስ ሁሉን በአንድ መታጠቢያ የሚፈጽመውን ዘዴ አቀረበ። ዛሬ በድራሙ ፊት የሚቆመው ኦፕሬተር የሚከተለው ይህን ሁለተኛውን መንገድ ነው።

በሥራ ላይ የሚውለው ክሮም (III) ሰልፌት የተባለ አረንጓዴ ዱቄት ነው። ብናኙ አፍንጫን ስለሚያስቆጣና በሰው ቆዳ ላይ አለርጂ ሊያስነሳ ስለሚችል በጭምብልና በጓንት ይያዛል። ዱቄቱ ወደ ፒክሉ ውሃ ከገባ በኋላ ድራሙ ሁለት ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይዞራል። በዝቅተኛ ፒ-ኤች ክሮሙ ከጭረቱ ጋር ለመያያዝ ስለማይቸኩል ሳይታሰር እስከ መሃል ይዘልቃል፤ ፒ-ኤች ሲነሳ ግን ካገኘው ጭረት ጋር ይያያዛል። አጠቃላይ ጥበቡ ያለው በዚህ ነው፤ መጀመሪያ ይዝለቅ፣ ከዚያ ይታሰር። የተቆረጠው ጎን በሙሉ ሰማያዊ ሳይሆንና በመሃል ነጭ መስመር እያለ ፒ-ኤች ማንሳት ከተጀመረ፣ ክሮሙ በላዩ ላይ ታስሮ መሃሉ ጥሬ ይቀራል።

ክሮሙ መዝለቁ ከተረጋገጠ በኋላ ማንሳት ይጀመራል። ሶዲየም ባይካርቦኔት ከሆነ፣ ከቆዳው ክብደት 1 በመቶ ገደማው በብዙ ለብ ያለ ውሃ ሟሙቶ፣ በ4 ወይም በ5 ጊዜ ተከፍሎ በየ30 ደቂቃው ይገባል። ማግኒዢየም ኦክሳይድ ከሆነ ራሱ በዝግታ ስለሚሟሟ በአንድ ጊዜ ይጨመራል፤ ለአዲስ ኦፕሬተር እኔ ብመርጥ ይህንን እመርጥ ነበር፣ ምክንያቱም በእጅ መጣደፍ የሚመጣውን ጥፋት ያስቀራል። ባይካርቦኔት በፍጥነት ከገባ ክሮሙ በቆዳው ገጽ ላይ ይረጋል፤ ገጹ ይሻክራል፣ አረንጓዴ እድፍ ይወጣል፣ በኋላም ቀለም እኩል አይዝም። ሙቀቱ በዚሁ ጊዜ ቀስ እያለ ወደ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዲወጣ ይደረጋል፤ መድረሻው ፒ-ኤች ከ3.8 እስከ 4.0 ነው። ብዙ ፋብሪካዎች ይህን ሌሊቱን ያስኬዱታል፤ በዚያ ጊዜ ፈረቃ የሚረከበው ሰው ስንተኛው ክፍል ባይካርቦኔት እንደገባ በካርዱ ላይ ተጽፎ ማግኘት አለበት፤ በቃል የተነገረ ነገር በማግስቱ አይገኝም።

የፈላ ውሃ ፈተና

ከወፍራሙ ቦታ አራት ማዕዘን ቁራጭ ይቆረጣል፤ በወረቀት ላይ ተቀምጦ ዳር ዳሩ በእርሳስ ይሠመራል፤ ከዚያም በሚፈላ ውሃ ውስጥ ለ2 ወይም ለ3 ደቂቃ ይቆያል። ወጥቶ በመሥመሩ ላይ ሲቀመጥ መጠኑን ከጠበቀ ቆዳው ለፍቷል። ጥሬ ቆዳ በ65 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ተኮማትሮ የሚያበቃለት ሲሆን፣ በክሮም በደንብ የለፋው ግን በመፍላት ላይ ያለ ውሃን ይችላል። ቁራጩ ከተኮማተረ የመጀመሪያው እርምጃ ክሮም መጨመር አይደለም። ፒ-ኤችና ሙቀቱ እንደገና ይለካሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው ማንሳቱ ወይም ሰዓቱ ነውና ድራሙ ይዞራል፣ ፈተናው ከአንድ ወይም ከሁለት ሰዓት በኋላ ይደገማል።

ማውረድ

የክሮሙ ውሃ ከኖራው ቦይ በተለየ መስመር ወደ ክሮም መያዣው ይለቀቃል። ቆዳው ሳይታጠፍ በገጹ እየተዘረጋ በእንጨት አልጋ ላይ ይከመርና ዳሩ እንዳይደርቅ በላስቲክ ይሸፈናል፤ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ድረስ ሲያርፍ ክሮሙ መያያዙን ይቀጥላል። ብዙ ቀን የሚቀመጥ ከሆነ ሻጋታ እንዳይበላው ፀረ-ሻጋታ መድኃኒት አስቀድሞ በድራሙ ውስጥ መጨመሩ ከካርዱ ይታያል። ድራሙ ታጥቦ መዝጊያው ተከፍቶ ይተዋል፤ የመጨረሻው ፒ-ኤች፣ ሙቀትና የፈላ ውሃ ፈተናው ውጤት ከሰዓቱ ጋር ተጽፎ ይፈረማል፤ ካርዱም ክምሩ ወደ መጭመቂያው ማሽን ሲሄድ አብሮት እንዲሄድ ከላይ ይታሰራል።