ቻይናዊ ተማሪ «ኢን»፣ «ኦን» እና «አት» ሲምታታበት፦ ችግርና መፍትሄ

እንግሊዝኛ የምታስተምሩት ሰው አፉን የፈታው በማንዳሪን ከሆነ፣ የመስተዋድድ ስሕተቶቹ አብዛኞቹ ዱካ አላቸው። ዱካውን ተከተሉ።

«ኦን ዘ ኒውስፔፐር» ይላል

ዜናውን ጋዜጣ ላይ አየሁት ማለቱ ነው። እንግሊዝኛው ግን «ኢን» ይፈልጋል። «ኦን ዘ ስካይ»ም ከዚሁ ቤት ነው።

ምክንያት፦ ማንዳሪን ቦታን በሁለት ቁራጭ ይናገራል። ከስሙ በፊት «ዛይ» ይገባል፤ ከስሙ በኋላ ደግሞ «ሻንግ»፣ «ሊ» ወይም «ሺያ» ይከተላል፤ ላይ፣ ውስጥ፣ ሥር እንደማለት። «ዛይ ጁዎዝ ሻንግ» ሲሉ እኛ «በጠረጴዛ ላይ» እንደምንለው ነው። ጋዜጣም ሰማይም «ሻንግ» ስለሚወስዱ፣ ተማሪው «ሻንግ»ን በ«ኦን» ይተካና ይቀጥላል። እዚህ ላይ አበሻ አስተማሪ ይጠንቀቅ። እኛም «ጋዜጣ ላይ»፣ «ሰማይ ላይ» ስለምንል ስሕተቱ ጆሯችንን ላይቆረቁረው ይችላል።

መፍትሄ፦ «ሻንግ ማለት ኦን ነው» የሚል ዝርዝር አታስይዙት። እውነተኛ ጋዜጣ ዘርጉለት። ቡና ቢፈስበት ቡናው «ኦን» ነው፣ ወረቀቱን ነክቷልና። የተጻፈው ዜና «ኢን» ነው። ዛፍም እንዲሁ፦ ፍሬው «ኦን ዘ ትሪ»፣ ቅርንጫፎቹ መሀል ያረፈችው ወፍ «ኢን ዘ ትሪ»። በማንዳሪን ሁለቱም «ሹ ሻንግ» ናቸው። ስለዚህ ልዩነቱን በቃል ከማብራራት ሥዕል ማሳየት ይሻላል።

«ሊስን ሚውዚክ»፣ «ዌይት ሚ»፣ «አራይቭ ቤጂንግ»

መስተዋድዱ የለም። በማንዳሪን መስማት፣ መጠበቅና መድረስ ተከታዩን ስም በቀጥታ ይወስዳሉ፤ መሀል የሚገባ ነገር የለም።

መፍትሄ፦ ግሱን ብቻውን አታስጽፉት። በቃላት ካርዱ ላይ «ሊስን ቱ»፣ «ዌይት ፎር»፣ «አራይቭ ኢን» ተብሎ እንደ አንድ ቃል ይስፈር። «ሊስን» የሚል ባዶ ካርድ ካያችሁ ቅደዱት።

«ሜሪ ዊዝ ሂም»

ይሄ ደግሞ ትርፍ ነው። በማንዳሪን ሰው «ከ» እገሌ ጋር ይጋባል፤ ያ «ገን» የሚሉት ቃል «ዊዝ» ሆኖ ይመጣል። «ሜሪ ሂም» እና «ጌት ሜሪድ ቱ ሂም» ጎን ለጎን ይለማመድ።

ቀንና ሰዓት

ቀላሉ ይሄ ነው። በማንዳሪን «ሰኞ እሄዳለሁ» ለማለት መስተዋድድ ግድ አይደለም፤ ስለዚህ ይዘለዋል ወይም ያገኘውን ይሰካል። ለሰዓት «አት»፣ ለቀን «ኦን»፣ ለወርና ለዓመት «ኢን»። «ኢን ዘ ሞርኒንግ» የነበረው «ኦን መንደይ ሞርኒንግ» እንደሚሆን ግን ለብቻው ንገሩት።

ምንም አይሳሳትም

ይሄኛው ነው የሚያሳስበኝ። «ፑት ኦፍ» ማለት ሲችል ሁልጊዜ «ፖስትፖን» ይላል፤ «ጊቭ አፕ»ን ሸሽቶ «ስቶፕ»ን ይመርጣል። ማንዳሪን የእንግሊዝኛውን ዓይነት የግስና የቅንጣት (እንደ «አፕ» እና «ኦፍ» ያለ አጭር ቃል) ጥምረት ስለሌለው፣ ተማሪው አስተማማኙን አንድ ቃል ይመርጣል። ወረቀቱ ንጹህ ነው፣ ንግግሩ ግን እንደ ደብዳቤ ይደርቃል። የስልክ ወሬ እንዲያወራ አድርጉት፤ ቀጠሮ የሚያራዝም፣ ጓደኛውን ከጣቢያ የሚቀበል ሰው ሆኖ። እዚያ «ፑት ኦፍ» እና «ፒክ አፕ» ሳይል መውጫ የለውም።