ግራፊክስ ካርድ ከመግዛታችሁ በፊት ፓወር ሰፕላያችሁን እዩ

የጌም ኮምፒውተራችሁን ግራፊክስ ካርድ ልትቀይሩ ነው? ከካርዱ በፊት ፓወር ሰፕላዩን፣ ማለትም ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያድለውን ሳጥን፣ እዩ። የጎን ክዳኑን ፍቱና የተለጠፈበትን ዋት አንብቡ።

እኔ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። የሰፈራችን ልጆች ብዙዎቹ የሚጀምሩት ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ ገዝተው ነው። የዚህ ዓይነቱ ማሽን ፓወር ሰፕላይ ብዙ ጊዜ 300 ዋት እንኳን አይሞላም። ለካርድ የሚሰካ ትርፍ ገመድም የለውም። እዚህ ላይ አርቲኤክስ 3060 የሚባለውን ካርድ መግዛት ብር መጣል ነው። ካርዱ ብቻውን 170 ዋት ይበላል፤ አምራቹ ኤንቪዲያ ራሱ የሚመክረው 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ ነው። እንዲህ ያለ ማሽን ላላችሁ ጂቲኤክስ 1650 ይሻላል። 75 ዋት ስለሆነ ከማዘርቦርዱ (ካርዱ ከሚሰካበት ዋና ሰሌዳ) የሚያገኘው ይበቃዋል። ግን አንዳንዱ ሞዴል ባለ 6 ፒን ገመድ ይፈልጋል፤ እሱን አትውሰዱ። የካርዱን ርዝመትም ለኩ፣ የቢሮ ሳጥን ጠባብ ነው።

በቂ ዋት ያለው ፓወር ሰፕላይ ካላችሁ 8 ጊጋባይት ሚሞሪ ያለውን ካርድ ምረጡ። አርኤክስ 6600 በ132 ዋት ጥሩ ይሠራል።

ያገለገለ ካርድ ከሆነ ደግሞ እባካችሁ በፎቶ ብቻ አትግዙ። ሻጩ ፊት ሰክታችሁ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጌም አስኪዱት። የካርዱን ማንነት የሚያሳይ ጂፒዩ ዚ የሚባል ነፃ ፕሮግራምም በፍላሽ ያዙ። ስሙ ተቀይሮ የሚሸጥ የድሮ ካርድ አለ፤ ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ይጋለጣል።

መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ንቀሉ። ተመልሶ እስኪረጋጋ ትንሽ ጠብቁ።